ከቦዩ የሰረቅሁት ፏፏቴ

ዓመቱ ሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ነበር፤ እኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርሁም። ልጆቼ አያውቁም። ሚስቴ ግማሹን ታውቅ ነበር፤ ግማሹን ሳታውቅ አፈር ገባች። በየጾሙ ኃጢአቴን ይሰሙ የነበሩት የነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ሰምተው ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። አሁን የምጽፈው ሞት ቀርቦኝ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። የፈራሁስ ያኔ ነው፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ፍርሃት ነው።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። የተጣመመ ነገር ብታዩ ጽሕፈቴ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም።

አንዳንድ የእኔ እኩያ የዚያን ዘመን ጥፋቱን ሲያወራ እሰማለሁ። ደርግ ነው ይላል፤ ዘመኑ ነው ይላል፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር ይላል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ደርግ ኩሬ ቆፍር አላለኝም። ደርግ የጎረቤትህን ውሃ ስረቅ አላለኝም። ደርግ የአያ ድረስን ስም ጥራ አላለኝም። የቆፈርሁት እኔ ነኝ፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ቤቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከበላዬ ምንጭ አለ። የምንጩ ቦይ በጓሮዬ ካብ ጥግ ያልፍና ወደ ታች ይወርዳል፤ በበጋ ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ሽንኩርቱንና ድንቹን የሚያጠጣው በእሱ ነው። ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚሰጡት አያ ድረስ ነበሩ፤ እንደ እሳቸው ያለውን ሰው የውሃ አባት እንለዋለን። ቁመታቸውን የሚያህል ዘንግ ነበራቸው። መሬት ላይ ይተክሉትና ጥላውን በእግራቸው እየለኩ "ያንተ አለቀ፣ የእሷ ገባ" ይላሉ። ማንም አይከራከራቸውም። አባቴ ሲሞት የቤታችን ተራ ለሌላ ይሰጥ የሚሉ ነበሩ። አያ ድረስ መጥተው ዘንጉን ደጃችን ላይ ተከሉና "ረቡዕ ረፋድ የዚህ ቤት ነው" አሉ። በቃ፤ ረቡዕ የእኛ ሆነ። ይህን ያደረጉልኝን ሰው ነው እንግዲህ።

እኔ ግንበኛ ነኝ። አንድ በጋ ባሕር ዳር ሄጄ ለአንድ ሆቴል ግቢ ድንጋይ ስጠርብ ከረምሁ። እዚያ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ኩሬ ውስጥ የሚገባ ውሃ ሠራን። ሥራው አልቆ ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ውሃ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በጥር፣ አውድማው እንደተነሣ፣ ጓሮዬን መቆፈር ጀመርሁ።

ጎረቤቶቼ በካቡ ላይ ብቅ እያሉ "ምነው፣ ጣና ራቀህ?" ይሉኛል። አንዱ "ታንኳዋን መቼ ነው የምታወርዳት?" አለኝ። ሚስቴ ዘውዴ ደግሞ "ላሟ ውሃ ልትጠጣ ወንዝ ትወርዳለች፤ አንተ ድንጋይ ታጠጣለህ" ብላ አኮረፈች። መልስ አልሰጠኋቸውም። መልሱን ዛሬ ልስጥ። በዚያ ዘመን የሚጠቅም ነገር ሁሉ ይቆጠር ነበር። መሬቱ ይለካል፣ በሬው ይጻፋል፣ እህሉ ይሰፈራል፤ እኔም ራሴ በየስብሰባው ስሜ እየተጠራ አቤት እላለሁ። ማንም መጥቶ የማይጽፈው፣ ምንም የማይጠቅም አንድ ነገር የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ። ይኸው ነው። ለኩሬው ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም ጉልበቱ ቢኖረኝ እቆፍረዋለሁ።

መጀመሪያ ወለሉን በዋልካ አፈር ለሰንሁት፤ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀና መሬቱ ውሃውን ጠጣው። አነሣሁት። ሁለተኛ የኩይሳ አፈር አምጥቼ ከጭድ ጋር አቦካሁና ሦስት ቀን በእግሬ ረገጥሁት። ያዘ። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ ሦስት እርከን ካብሁ። ከላይ፣ ውሃው የሚወድቅበት ከንፈር ላይ፣ የእናቴን ወፍጮ አስቀመጥሁ። እናቴ ስትፈጭበት ኖራ መሐሉ ተበልቶ ነበር። ምን ያህል ማዘንበል እንዳለበት ለማወቅ በቅል ውሃ እያፈሰስሁ ሙሉ ቀን ዋልሁ፤ ትንሽ አነሣዋለሁ፣ ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ማታ ማታ ሲል ውሃው በወፍጮው ጉድጓድ ላይ ተዘርግቶ እንደ ነጠላ ወረደ። ዘውዴ ከማጀት ወጥታ ቆማ አየች። ኩርፊያውን ተወች።

ረቡዕ በተራዬ ውሃውን ለቀቅሁበት። እንዴት ያምር ነበር! ኩሬው ሞላ፣ ፏፏቴው ወረደ። ጥላው ሲደርስ አያ ድረስ "ያንተ አለቀ" አሉ፤ ቦዩን ወደ ታች መለስሁ። ፏፏቴው ቀጥኖ ቀጥኖ ቆመ። ወፍጮው ደረቀ። እስከሚቀጥለው ረቡዕ ስድስት ቀን ደረቅ ድንጋይ ማየት ነው። ስድስት ቀን መጠበቅ አቅቶኝ ነው ወይ ሌባ የሆንሁት? አዎ፣ ስድስት ቀን አቅቶኝ ነው።

ቀርከሃ አመጣሁ። አንጓውን በጋለ ብረት እየበሳሁ ቧንቧ አደረግሁት። ቦዩ በካቤ ጥግ ከሚያልፍበት ከውሃው በታች ቀበርሁትና እስከ ፏፏቴው አደረስሁት። የሚወስደው ትንሽ ነው፤ ግን ቀንም አያቆም፣ ሌሊትም አያቆም፣ በሰው ተራ ሁሉ ይወስዳል። ሰው ወደ ግቢ ሲገባ ዘውዴ ትስላለች፤ እኔ ሮጬ የቀርከሃውን አፍ በጨርቅ እወትፋለሁ። እንግዳው "ዛሬ አይወርድም?" ሲለኝ "ረቡዕ ና" እለዋለሁ። እንዲህ ነበርሁ። ሰውየው እንደሄደ ጨርቁን እነቅላለሁ።

ከታች መጨረሻ ላይ ውሃ የሚደርሳት እቴ ላቀች ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት መደብ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያላት። ከላይ የቀነሰ ውሃ የሚጎድለው እሷ ዘንድ ነው። በየካቲት ሽንኩርቷ ቢጫ ሆነ። "ውሃዬ በመንገድ ያልቃል" እያለች ቦዩን ይዛ ወጣች ወረደች፤ የሚያፈስ ቦታ አላገኘችም። በካቤ ጥግ ስታልፍ እንዳታየኝ ጎንበስ አልሁ።

ያየኝ ሌላ ነው። አንድ ዓርብ ዘውዴ ገበያ ሄዳ ነበር። አያ ድረስ በበር አልመጡም፤ ቦዩን ይዘው እየመረመሩ መጥተው በካቡ ተሻገሩ። ጨርቁን ልወትፍ ስነሣ ከኋላዬ ደርሰዋል። ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ኩሬው ውስጥ አስገቡ።

"ያምራል" አሉ።

"የረቡዕ ትርፍ ነው፣ አያ" አልኋቸው።

"ዛሬ ዓርብ ነው፣ ልጄ።"

እግራቸውን አደራርቀው ተነሡና ዘንጋቸውን ያዙ። "እስከ እሑድ አላየሁም" ብለው በመጡበት ሄዱ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጭቃ አቡክቼ ቀርከሃው አጠገብ ቁጭ አልሁ። ልደፍነው ነበር። ቀና ብዬ ፏፏቴውን አየሁት፤ ፀሐይ ገብቶበታል። ነገ አልሁ። ጭቃው እጄ ላይ ደረቀ።

ሰኞ እቴ ላቀች ገበሬ ማኅበሩ ደጅ ተቀምጣ አለቀሰች። ሊቀመንበሩ ቦዩን በሰው አስፈተሸ፤ የተቀበረ ነገር ማን ያያል? ቢቸግረው አውጫጭኝ ይጠራ አለ። የድሮ ሥርዓት ነው ብሎ ሲያንቋሽሸው የኖረውን ማለቱ ነው። አውጫጭኝ ለማያውቅ ልንገረው። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ወደ ቤት መሄድ የለም፣ ሥራ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች ከወይራ ሥር ይሆናሉ። እያንዳንዱ ብቻውን እየቀረበ ያየሁትን የሰማሁትን አልደብቅም ብሎ ይምላል። የሚያውቅ ካለ በጆሯቸው ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹም "ወፍ ነገረን" ብለው ለሕዝቡ ያወጡታል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሽማግሌዎቹም እስኪሞቱ አይናገሩም።

ማክሰኞ ዋልን፤ ወፍ አልተገኘም። ረቡዕ ገና ጠዋት ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ ከብቱ አልተሰማራም። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ "ዛሬ ካልወጣ ነገ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በዶማ እናስገለብጠዋለን" አለ። ዶማው ቀርከሃዬን ማውጣቱ ነው። ግን ከዶማው ይልቅ የፈራሁት አያ ድረስን ነበር። ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከፊት ተቀምጠዋል። ማክሰኞ ተራቸው ደርሶ ወይራው ሥር ቀርበው ተመልሰዋል። አልተናገሩብኝም። እንዴት ብለው እንደማሉ እንጃ፤ ነፍሳቸውን ለእኔ ብለው አስይዘዋል። እኔ ራሴ ተነሥቼ እንድናገር ነበር የሚጠብቁት፤ ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። ግን ለሁለተኛ ጊዜ ቢጠሩስ? ዛሬ ቢሰለቻቸውስ? ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው አልሁ።

ስሜ ተጠራ። ቀረብሁ፤ ማልሁ። ከዚያ በጆሯቸው "አያ ድረስ ናቸው" አልሁ። "ጎህ ሲቀድ የሰውን ተራ ለወንድማቸው ልጅ ማሳ ሲመልሱ አይቻለሁ" አልሁ። የወንድማቸው ልጅ ማሳ ከምንጩ ሥር ስለሆነ ከሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ ውሸቱ ሊታመን እንደሚችል አስቤበት ነው የተናገርሁት። አንደኛው ሽማግሌ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልሁ። ሁለት ጊዜ ነው የተናገርሁት እንግዲህ፤ አንዱ ቢያመልጠኝ ሁለተኛው አላመለጠኝም።

"ወፍ ነገረን" ብለው ስማቸውን ሲጠሩ አያ ድረስ ቆሙ። ምን ይላሉ ተብለው ተጠየቁ። "ይህን ውሃ ስለካው ኖርሁ። ጠጥቼው እንደሆነ ሆዴ ይወቀው" አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ሊቀመንበሩ ዘንጉን ከእጃቸው ተቀበለ። ተራቸውም ከውሃው ተሠረዘ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃውን ኮሚቴ ይመራዋል ተባለ። ያን ዘንግ በኋላ የማኅበሩን መስኮት ደግፎ አይቼዋለሁ።

ማሳቸው ደረቀ። ከፋሲካ በኋላ እብናት ወዳለችው ልጃቸው ወረዱ፤ ለደጋ ሰው ያ ሙቀት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ሰፈሩ ተጠራርቶ ለቅሶ ሲወርድ እኔ ወገቤን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ወገቤን አላመመኝም።

ኩሬውን አላፈረስሁትም። አሁንም ጓሮዬ አለ፤ በክረምት የጣሪያ ውሃ ይሞላዋል፣ በበጋ ይደርቃል። ልጆቼ አፍርሰን ጎመን እንትከልበት ይሉኛል፤ እምቢ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ይህን ሲያነቡ ይወቁት።

እግዜር ይፍታህ ልትሉኝ የምትሹ ካላችሁ በልባችሁ ያዙት፤ እኔ አልጠየቅኋችሁም። ወጣት ነበርህ አትበሉኝ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት ነበርሁ። ይቅርታ ማድረግ የሚችሉት ሰው እብናት ተቀብረዋል፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ በራሴ ጊዜ እሄዳለሁ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አያ ድረስ ሌባ እንዳልነበሩ እወቁ።

የቀረው ስማቸውን በጠራሁ በማግሥቱ ጠዋት ያደረግሁት ነው። ሐሙስ ማልጄ ተነሥቼ ጭቃ አቦካሁ። ከካቡ ሥር ገብቼ ቀርከሃውን ነቀልሁ፣ ቀዳዳውን ደፈንሁ፣ በድንጋይ ጠቀጠቅሁት። ጸጽቶኝ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ፤ ጸጽቶኝም ነበር፣ ዶማውን ፈርቼም ነበር፣ ሁለቱን እስከ ዛሬ አልለያቸውም። ፏፏቴው በእናቴ ወፍጮ ላይ ቀጥኖ ቆመ። ረፋዱ ላይ ከታች እልልታ ሰማሁ። እቴ ላቀች ናት፤ ውሃዋ ሙሉውን ደርሶላት ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ማሳ ሮጠ፤ እኔም ወረድሁ። አያ ድረስ ከማሳቸው ዳር ቆመዋል፤ እንደ ሰው ወደ ታች አያዩም፣ ወደ ላይ፣ ወደ እኔ ካብ ነበር የሚያዩት። ሊቀመንበሩ ቦዩ ውስጥ እጁን ነክሮ "አያችሁ? እሳቸው በተነሡ ማግሥት ውሃው መጣ" አለ። ሰው ሁሉ እውነት ነው አለ። እኔም እውነት ነው አልሁ።