ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቤታችን የሰማው

ዛሬ የምኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነው። በደርግ ዘመን ግን ቤታችን ጄኔቫ፣ ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። ደረጃው ይንቋቋል፣ መታጠቢያው ለሦስት ቤተሰብ አንድ ነው፤ ቢሆንም ከስደት በኋላ መጀመሪያ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት እዚያ ነው። ልጄም እዚያው ተወለደ። ክርስትና ያነሳልኝ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጓደኛዬ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ አበልጄ እንጂ በስም ተጠራርተን አናውቅም።

አንድ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን ከመኖሪያነት ወደ ሆቴልና ቢሮ ሊለውጠው ነው ተባለ። ለሰፈሩ ፖሊስም ተጨማሪ በጀት ተጠይቋል። ሁለቱም በአንድ ስብሰባ ሊታዩ፣ ነዋሪም ሊሰማ ሆነ። ከፀደቀ ቤታችን ይፈርሳል፤ በእኛ ፔርሚ፣ በስደተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ቤት የሚያከራየን የለም።

አቤቱታ ጻፍን። ከታች የሚኖሩት እናት ግን አልፈርምም አሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ቀበሌ የልጃቸውን ስም መዝግቦ ልጁን ወስዶት፣ ልጁ በዚያው ቀርቷል።

«እዚህ እንደዚያ አይደለም እማማ፣ የሚናገርልን ሰው አለን» ብዬ እኔው አስፈረምኳቸው። የሚናገርልን አበልጄ ነበር። ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ነው፣ ከረባትም አለው።

ስብሰባው ላይ ተራችን ሲደርስ አበልጄ ተነሳ። የጻፍነውን ወረቀት ከኪሱ አላወጣም። ቤቱ ለሰው መኖሪያ እንደማይሆን፣ የማይታወቁ ሰዎች እየገቡ እንደሚያድሩበት፣ ሰፈሩ ቢለወጥ፣ ፖሊስም ቢጨመር ነዋሪው ደስ እንደሚለው ረጋ ብሎ ተናገረ። የማይታወቁ ያላቸው በሱዳን በኩል ተሰደው የሚመጡት የአገራችን ልጆች ናቸው። የገዛ ሚስቱ ወንድም ሳሎኔ ውስጥ አንድ ወር ተኝቷል።

ሰብሳቢዋ ወደ እኛ ዞራ «የሚጨምር አለ?» አለች።

የእኔ ፈረንሳይኛ «ውሸት ነው» ለማለት ይበቃል። አበልጄ ዘወር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም። በፈረንጅ ፊት የወገኔን ገመና፣ ያውም የአበልጄን፣ እንደማላወጣ ያውቃል። የተማመነው በዚያ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ውጭ አውቶቡስ ስንጠብቅ ራሱ ነገረኝ። የቤቱ አከራዮች ሻትሌን በሚባል ሌላ ሰፈር፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ቤት ሰጥተውታል።

«አንተም ብትሆን ታደርገው ነበር፤ ልጆች አሉኝ» አለኝ።

«እኔም አለኝ። ያነሳኸው አንተ ነህ።»

ከረባቱን ፈትቶ፣ ያላነበበው ወረቀት ያለበት ኪስ ውስጥ ከተተው።

ቤት ስደርስ እማማ ነጠላቸውን ደርበው ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«አበልጅህ እንዴት ሆነልን?» አሉኝ።

እዚያ የፈረንጅ ዘር አልነበረም። ብናገር የሚሰማኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጥሩ ተናገረ» አልኳቸው።

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁት።