ሳይነሱ የደረሱ መኪኖች

ፈተናው በኢሜይል የመጣው እሁድ ጠዋት ነው። ጅቡቲ ውስጥ እሁድ የሥራ ቀን ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ምስር ትለቅም ነበር። እኔ በምግብ ቤታችን ጥግ፣ ማራገቢያው በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጬአለሁ።

የላኩልኝ ቢሯቸው ከምኒልክ አደባባይ ጥቂት እልፍ ብሎ የሚገኝ የአንድ ጭነት አስተላላፊ ድርጅት ሰዎች ናቸው። አንድ ፕሮግራመር ይፈልጋሉ። ፈተናው እቤት የሚሠራ ነው፤ እነሱ ፋይል ይልካሉ፣ ተፈታኙ ፕሮግራሙን ጽፎ እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ይመልሳል። በዐሥራ አራት ወር ውስጥ ካመለከትኩባቸው ቦታዎች ሁሉ መልስ የሰጡኝ እነሱ ብቻ ነበሩ።

የመኖሪያ ካርዴ ሊያበቃ አንድ ወር አልቀረውም። አያቴ በባቡሩ ዘመን ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አባቴም እኔም የተወለድነው እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሦስት በሚባለው ሰፈር ነው፤ ወረቀታችን ግን እስከ ዛሬ የውጭ ሰው ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ የሰጡኝን ካርድ አንዴ አሳድሰውልኝ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ግን የቅጥር ውል ካላመጣሽ አይሆንም አሉኝ። ውል ካጣሁ ከአገር መውጣቴ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሷ ጉልበቷን ታማለች፤ ከገበያ ዕቃ ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቆማለች። ስለዚህ ያንን ፋይል ወዲያው ከፈትኩት።

ፋይሉ ውስጥ አራት ሺህ ያህል መስመሮች ነበሩ። እያንዳንዱ መስመር አንድ የጭነት መኪና ነው፦ ታርጋው፣ ከወደቡ በር የወጣበት ሰዓት፣ ከከተማው ውጭ ያለው የመኪና ማቆሚያ ግቢ የደረሰበት ሰዓት። አዲሱ ባቡር ያኔ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው ጭነት ሁሉ በዚያ መንገድ ያልፍ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መኪኖቹ ከወደቡ በር እስከ ግቢው በአማካይ ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል? የመመሪያው ሦስተኛ ነጥብ፣ የመድረሻው ሰዓት ከመነሻው የቀደመ እንደሆነ መስመሩ ስህተት ስለሆነ ይሰረዝ ይላል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ፣ ጥያቄ ካለዎት በዚህ አድራሻ ይጻፉ ይላል።

የሚሰረዙትን ቆጠርኳቸው። ከሦስት መኪና አንዱ ሳይነሳ የደረሰ መኪና ሆኖ ተገኘ። በ09:10 ከወደቡ ወጥቶ በ04:05 ግቢ የገባ አለ። በ14:00 ወጥቶ በ09:00 የገባ አለ። ታርጋቸውን ሳይ ሁሉም የኢትዮጵያ ናቸው። ስህተት እንዲህ አገር መርጦ አይወድቅም።

ሰኞ ጠዋት ገባኝ። የወደቡን ሰዓት የሚመዘግበው ኮምፒውተር ነው። የግቢውን ግን ሹፌሩ ራሱ ነው ወረቀት ላይ የሚጽፈው። 09:10 በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከዐሥር ነው። ሹፌሩ ግቢው ሲደርስ አራት ሰዓት ከአምስት ሆኗል፤ ያንኑ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሰውዬው ጎህ ሳይቀድ ደርሷል ብሎ ተቀበለው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መማር አያስፈልግም፤ አበሻ መሆን ይበቃል።

የባሰው ግን መመሪያው የማይሰርዛቸው መስመሮች ናቸው። ማለዳ 05:40 ወጥቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት የገባ ሹፌር 12:35 ብሎ ይጽፋል። የአንድ ሰዓት መንገድ ሰባት ሰዓት ይመስላል፤ ስህተት አይመስልም፣ አይሰረዝም፣ አማካዩ ውስጥ ይገባል። መመሪያውን እንዳለ ብከተል እውነተኞቹን አውጥቼ ሐሰተኞቹን ማስቀረቴ ነው።

ሹፌሮቹ ምሳ የሚበሉት እኛ ጋ ነው። መኪናቸውን ግቢው አቁመው በታክሲ ይመጣሉ። ሳህን አቀርብላቸዋለሁ እንጂ ከአንዳቸውም ጋር ወሬ ጀምሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጢማቸው የሸበተውን ሽማግሌ ሹፌር ውኃ ስሰጣቸው ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ግቢው ሲገቡ ወረቀቱ ላይ ሰዓት የሚጽፉት በየትኛው ነው?»

«በየትኛው እጅ ማለትሽ ነው?»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

«በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ?»

«ኧረ ተማሪዋ ተናገረች!» አለ ከፊታቸው የተቀመጠው ጎረምሳ ሹፌር። «እትዬ፣ ልጅሽ አፍ አላት ለካ!»

«ተዋት አንተ፣ ፈተና ላይ ናት» አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። «ይቺ የናዝሬት ሰዓት ናት ልጄ። ድንበር በተሻገርኩ ቁጥር ላዞራት ነው? ያየሁትን እጽፋለሁ።»

«እኔ ግን በፈረንጅ ነው» አለ ጎረምሳው። «የግቢው ዘበኛ አንድ ቀን ስላስቸገረኝ የእኛን ተውኩት።»

«አንተማ ፈረንሳይ ሆነሃል። ጥብስ ስታዝዝም ቦንዡር እያልክ ነው» አሉት ሽማግሌው።

እነሱ ሲስቁ እኔ ወደ ላፕቶፔ ሄድኩ። የኢትዮጵያ ታርጋ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አወቅሁ፤ እያንዳንዱን መስመር በሁለቱም አቆጣጠር አስልቼ ለመንገዱ ርዝመት የሚስማማውን መምረጥ ነበረብኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል፣ ማራገቢያው ይቆማል፣ የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያ ሐምሌ ሙቀት ላቤ ቁልፎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ እሠራ ነበር። ሲያልቅ አማካዩ ሃምሳ ስምንት ደቂቃ መጣ። ሽማግሌውን ስጠይቃቸው «አንድ ሰዓት ትሞላለች አትሞላም» አሉኝ።

ከስሌቱ ይልቅ የከበደኝ ለድርጅቱ መጻፍ ነበር። ጥያቄ ካለዎት ይጻፉ ብለዋል። ማክሰኞ ጠዋት በፈረንሳይኛ ጀመርኩ፦ ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛውን ነጥብ በተመለከተ... ሰረዝኩት። እነሱን ተሳስታችኋል ማለት መሰለኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን ደግሞ መመሪያ ያልገባት ሰው መሰልኩ። እኛ ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣው ያላጠና ተማሪ ነበር፤ ያጠና ዝም ብሎ ይሠራል። እቤትም እንደዚሁ ነው ያደግሁት፤ ትልቅ ሰው የተናገረውን መልሰሽ አትጠይቂ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ረቡዕ ጻፍኩት፣ ጨርሼም አነበብኩት፣ ከዚያ አጠፋሁት።

መስመሮቹን መሰረዝ ግን አልቻልኩም። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ያንን ቁጥር በስሜ መላክ አልሆነልኝም። መስመሮቹን አስተካክዬ፣ ምክንያቱን በፕሮግራሙ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ዘሎ በሚያልፈው የማስታወሻ ቦታ፣ በአራት መስመር አስረዳሁ። እዚያ መጻፍ አያሳፍርም፤ ማንም ፊትሽን አያይም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ላኩት።

እሁድ መልሱ መጣ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ውጤትዎ ከሚጠበቀው ውጤት ጋር አልተስማማም፤ መመሪያውም አልተጠበቀም። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።

እናቴ ፊቴን አይታ ሳልነግራት ገባት። «ሄደሽ ጠይቂያቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ? የምታውቂው አንቺ ነሽ። አራት ቀን ሙሉ ያላበሽ ለምን ነበር?»

ሰኞ ሄድኩ። ቢሮው ቀዝቃዛ ነው፤ ከውጭው ሙቀት ስገባ ጥርሴ ተንገጫገጨ። አንድ ሰዓት ተኩል ከተቀመጥኩ በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ የአገሩ ሰው፣ በፈረንሳይኛ በአክብሮት ነው ያናገረኝ። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ረሳሁት። «አራት መስመር ማስታወሻ አለ» ብቻ አልኩ።

ፋይሌን ከፈተ። ማስታወሻውን ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለቴ አነበበው።

«የስድስት ሰዓት ልዩነት» አለ። «ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው?»

«አዎ።»

«ይህንን ስንት ወር ስንፈልገው ነበር። መልሶቹን የሚያርመው ፕሮግራም ነው እንጂ እኛ አናነባቸውም። ለምን አልጻፉልኝም? አድራሻው እኮ የእኔ ነው።»

ዓይኔን ወደ ማስታወሻው መለስኩ። እሱ ቀጠለ።

«አንድ ሰው ጽፎልኝ ነበር። መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት የሚደርሱት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። የቀጠርነው እሱን ነው፤ ትናንት ፈረመ።»

«ምክንያቱን አገኘው?»

«አላገኘውም። ግን ጠየቀ።»

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ያፈረ ይመስል ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝና ታርጋዎቹን እንዴት እንደለየኋቸው እንዳሳየው ለመነኝ። አሳየሁት። ማለዳ የሚወጡትን፣ በፈረንጅ የሚጽፉትን፣ ሁሉንም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሥራ ባልደረባ አጠገቡ ተቀምጬ አስረዳሁት፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ቦታ ሲከፈት እንደሚያስታውሰኝ ነገረኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ካርዴ በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ያበቃል፣ የሦስት ወር ውልም ቢሆን ይበቃኛል፣ ያለ ደመወዝም እገባለሁ ማለት ነበረብኝ። የወጣኝ ግን ምስጋና ብቻ ነበር። «ሜርሲ» አልኩና ወጣሁ። አደባባዩ ላይ ካፌዎቹ ወንበራቸውን ወደ ጥላ ያስገቡ ነበር። ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። አላለቀስኩም፤ ተመልሼ ልግባ ወይስ አልግባ እያልኩ የኃላፊው መኪና ከቢሮው ግቢ ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ ቆምኩ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ስለ ካርዱ ነገርሽው?» አለች።

«አልነገርኩትም።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ የምግብ ቤቷን የንግድ ፈቃድ ከግድግዳው አወረደችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ውሉን ጻፊ» አለች። «እኔ ልቅጠርሽ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምግብ አብሳይ ብለሽ። ፕሮግራመር በዚህ ፈቃድ አይቀጠርም።»

«እማዬ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«እንግዲያው ውሸት እንዳይሆን ነገ ማለዳ ተነስተሽ ድስቱን ትጥጃለሽ።»

ውሉን በራሴ ላፕቶፕ፣ በጥሩ ፈረንሳይኛ፣ አንድም የፊደል ስህተት ሳይኖርበት ጻፍኩት። እሷ በአማርኛ ፈረመች። ዲግሪዬን ከማመልከቻው ጋር እንዳላያይዝ የነገረችኝም እሷ ናት፤ ጥርጣሬ ያመጣል አለች። ልክ ነበረች።

የመኖሪያ ካርድ ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቶቼን እያገላበጠ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ የአገሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት አማርኛ ይሞክራል።

«ምግብ አብሳይ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ! ምን ትችያለሽ?»

ከአራት ሺህ መስመር ውስጥ ሐሰተኛውን ለይቼ አወጣለሁ። ይህን ማለት አልችልም ነበር። ኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ይገፉኛል።

«ሽሮ» አልኩት።

«ሽሮማ እኔም እችላለሁ» አለና ሳቀ፤ ከት ብሎ ነው የሳቀው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አሳረፈና ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋው። «ማክሰኞ ጠዋት ካርድሽን ልትወስጂ ነይ» አለና ኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። «ቀጥል!»