በቤት ስሟ የመጣው ዕቃ

ልጄ ክራር ትጫወታለች። እዚሁ አዳማ ለሠርግና ለሆቴል ከሚጫወት አንድ የባህል ባንድ ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ስለ ሙዚቃም ብዙ አላውቅም። ስለዚህ ያልገባኝን ነገር እንደገባኝ አድርጌ ላለመጻፍ እሞክራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ዓለም ጤና በተደረገ ሠርግ ነው። ልጄ ከዚያ ስትመለስ ክራሯን ከነልባሱ አልጋ ላይ ጣለችና አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ምን ሆንሽ?"

"አለቃችን ሰው ፊት ምን አለኝ መሰለሽ? 'የአንቺ ክራር ይታያል እንጂ አይሰማም።'"

"ታዲያ ጠንከር አድርገሽ አትመቺውም?"

"እማዬ፣ ከበሮና ኪቦርድ መሃል ሆኜ ጠንክሬ ብመታ ክሩ ይበጠሳል እንጂ አይሰማም።"

ማይክ ፊቱ ሲደቅኑበት ደግሞ ስፒከሩ ይጮሃል አለችኝ። መፍትሔው ፒካፕ የሚባል ዕቃ ነው፤ ክራሩ ላይ ተለጥፎ ድምፁን በገመድ ወደ ስፒከር ይወስዳል። አለቃቸው ከፋሲካ በኋላ ፒካፕ ይዘሽ ካልመጣሽ አትምጪ ብሏታል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አንድ ነገር ሲጫን የክራር ድምፅ ያወጣል፤ አለቃቸው እሱ ይበቃናል ብሏል። በጾሙ ሠርግ ስለሌለ ያለን ጊዜ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ ነበር።

ልጄ ከዚህ በፊት ባቱ አካባቢ አበባ እርሻ ተቀጥራ ነበር። የላስቲኩ ቤት ሙቀት አልስማማት ብሎ ከስታ፣ ጠቁራ ነው የተመለሰችው። ከባንዱ ከወጣች ወዲያው ወደዚያ እንደምትመለስ አውቃለሁ፤ ቤት መቀመጥ አትችልበትም። አባቷ መተሐራ ሸንኮራ ላይ ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነገሩ የእኔ ሆነ።

አዲስ አበባ ያሉ ሱቆች ጠይቃ ነበር። የነበራቸው ፒካፕ እንደ ንብ ይጮሃል አለች። ደህናው ውጭ ሀገር ካለ የኢንተርኔት ሱቅ ነው የሚገኘው፤ እዚያ ደግሞ ያለ ውጭ ሀገር የባንክ ካርድ አይከፈልም። ጀርመን ያለችው ታናሽ እህቴ ልግዛላት አለች። በደወለችበት ቀን ልጄ ቤት አልነበረችም።

"እታለም፣ አገኘሁት። ግን የክራር የሚባል የለም።"

"እንዴት ይጠፋል?"

"እነሱ ክራርን የት ያውቁታል? የጊታር አለ፣ የቫዮሊን አለ። ሁሉም ላይ የሚለጠፍ ደግሞ አለ።"

"ሁሉም ላይ የሚለጠፍ? ፕላስተር ነው እንዴ?"

"አትሳቂብኝ። አራት ኮከብ ተኩል አለው።"

"ማን ሰጠው?"

"የገዙት ሰዎች ናቸዋ።"

"ታውቂያቸዋለሽ?"

"እታለም! እንዴት አድርጌ ላውቃቸው?"

እኔ ስንዴ ስገዛ እንኳን፣ ከአርሲ ነገሌ አመጣሁ የሚለኝን ነጋዴ አጠገቡ ያለውን ጠይቄ ነው። የማያውቁት ሰው ስለማያውቁት ዕቃ የሰጠው ምስክርነት እንዴት እንደሚታመን አልገባኝም። እህቴ ግን ቀጠለች።

"የመንገዱን ስም ንገሪኝ።"

"ስም የለውም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር በይ።"

"የቤት ቁጥር?"

"በሩ ቀለም ሲቀባ ጠፋ።"

"የፖስታ ኮድ?"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ይህን ካልሞላሁ አያሳልፈኝም።"

"እንግዲህ ኮከብ የሚሰጡትን ሰዎች ጠይቂያቸው!"

ከዚያ የልጅቷን ሙሉ ስም ጠየቀችኝ። ልጄ እንደ ብዙ ሰው ሁለት ስም አላት። አንደኛው ስትወለድ እኔ ያወጣሁላት የቤት ስሟ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ስትገባ አባቷ ያስመዘገበው ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው እሱ ነው። እኔ በመዝገብ ስሟ ጠርቻት አላውቅም። እህቴም ያሳደገቻት በቤት ስሟ ነው። እናም እኔ የቤት ስሟን ከአባቷ ስም ጋር ተናገርኩ፣ እሷም ጻፈችው፣ ስልኩንም የእኔን ሰጠኋት። አንዳችንም ልብ አላልንም። ከዚያ በኋላ ጨርሶ ረሳሁት።

ዕቃው መንገድ ላይ ነው ተባለ። ልጄ የት እንደደረሰ በስልኳ ታሳየኝ ጀመር። በጀርመን አንድ ከተማ ነበረ፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጀመሪያ የነበረበት ገባ።

"ለምን ተመለሰ? ረስተውት ነው?"

"መስመሩ እንደዚያ ነው እማዬ።"

"ሰው ከዚህ አሰላ ለመሄድ ሞጆ ይመለሳል እንዴ?"

"እኔ አይደለሁም የምነዳው!"

ከዚያ ለብዙ ቀን ምንም ሳይል ቆመ። በየጠዋቱ አሳዪኝ እላታለሁ፤ ያው ነው። ፊደሉን ማንበብ ባልችልም መልኩን ለምጄው ስለነበር አለመለወጡን ራሴ አየው ነበር።

በጾሙ አጋማሽ ገደማ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ወጣት ወንድ ነው፣ ትሁት ነው።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እዚህ ስልክ ላይ እንዲህ የምትባል አለች?" አለና የልጄን የቤት ስም ጠራው።

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ቁጥሩን እንደገና አየሁት። ያን ስም ከግቢያችን ሰውና ከዘመድ በቀር የሚያውቀው የለም።

"ማን ልበል?"

"ዕቃ መጥቶላታል። መታወቂያ ይዛ ትምጣ፣ የሚከፈል ቀረጥም አለ።"

ዕቃ መጥቶልሻል እያሉ ብር የሚያስልኩ አጭበርባሪዎች እንዳሉ በሬዲዮም በጎረቤትም ሰምቻለሁ። ይኼኛው ደግሞ የልጄን የቤት ስም አውቋል፤ ማለት ግቢያችንን ያውቃል፣ ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሠራል አልኩ። "ሌባ! ልጄን ብትጠጋ ወየውልህ!" ብዬ ዘጋሁበት። ሁለተኛ እንዳይደውልም ልጄ ባስተማረችኝ መንገድ ቁጥሩን አገድኩት።

ለልጄ አልነገርኳትም፤ እንዳትፈራ። ብቻ ወደ ሱቅ ስትሄድ አብሬያት እሄድ ጀመር። ባጃጅ ውስጥ ከእሷ አጠገብ የሚቀመጥ ወንድ ካለ መሃል እገባለሁ። "እማዬ፣ ምን ነካሽ?" ትለኛለች። "ምንም" እላታለሁ። ሁለት ሳምንት እንደዚህ ከረምን፤ ጠዋት ጠዋት ዕቃው ለምን እንዳልመጣ እያሰብኩ፣ ከሰዓት ያንን ሰው እየፈራሁ። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ግን ጭራሽ አልመጣልኝም።

ለሆሣዕና ጥቂት ቀን ሲቀረው እህቴ ተቆጥታ ደወለች።

"እታለም፣ ስልክሽን ለምንድን ነው የማታነሺው?"

"ይኸው አነሳሁ እኮ።"

"የኔን ሳይሆን የነሱን! ዕቃው አዳማ ከገባ ቆየ። ሦስት ጊዜ ደወልን፣ ተቀባይ አልተገኘም ይላል። እስከ ማክሰኞ ካልተወሰደ ይመለሳል።"

ማክሰኞ ማለት የሕማማት ማክሰኞ ነው። ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። በመጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ እስከ ማክሰኞ የቀሩትን ቀናት በጣቷ ቆጠረች።

በማግስቱ ዕቃ የሚያስረክበው ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ድምፄን ሲሰማ ቀና አለ።

"እርስዎ ነዎት ሌባ ያሉኝ?"

"ይቅር በለኝ ልጄ። አላወቅኩህም።"

"ግድ የለም፤ በዚህ ሥራ ያልሰደበኝ የለም። መታወቂያ?"

ልጄ ሰጠችው። መታወቂያውን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እንደገና መታወቂያውን አየ።

"ይሄ የሌላ ሰው ነው።"

"የሷው ነው፤ ያ የቤት ስሟ ነው፤ እኔ ነኝ የወለድኳት" አልኩ።

"መውለድዎን አልካድኩም፤ ግን በወረቀት ሁለት ሰው ናቸው። ከቀበሌ 'ሁለቱም ስም የእሷ ነው' የሚል ደብዳቤ ያምጡ።"

ካርቶኑ ከኋላው መደርደሪያ ላይ ይታየኝ ነበር። ዳቦ ያህላል። ሮጬ ብይዘው ብይዘው አሰኘኝ።

ቀበሌ ምስክር አምጪ አሉኝ። የግቢያችንን ትልቅ ሴትና ጎረቤቴን፣ ሽንኩርት ነጋዴዋን፣ ይዤ ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ትልቋ ሴት ልጄ ስትወለድ የነበሩ ናቸው።

"የልጅቷን የመዝገብ ስም ያውቁታል?" አላቸው ጸሐፊው።

"ሌላ ስም አላት እንዴ?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ከእኔ ደብቀሽ?"

ሽንኩርት ነጋዴዋ ደግሞ ወደ ሰፈራችን የገባችው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። የምታውቀው የመዝገብ ስሟን ብቻ ነው፤ ልጆቿ ከልጄ ጋር ተምረዋል።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አንዷ አንዱን ያውቃሉ፣ አንዷ ሌላውን ታውቃለች። ሁለቱንም የሚያውቅ ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!"

"እርስዎ እናት ነዎት፤ ለልጅዎ አይመሰክሩም።"

ቤት ሮጥኩና የክርስትና ካርዷን አመጣሁ። እሱ ላይ ደግሞ የክርስትና ስሟ ነው ያለው። ጸሐፊው አነበበና፣ "ይቺ ሦስተኛዋ ማን ናት?" አለኝ። ሳቀ፤ ምስክሮቼም ሳቁ። እኔ ግን ራሴን አመመኝ። ስንት ልጅ እንደወለድኩ ለእኔም መምታታት ጀምሮ ነበር።

ያዳነኝ የክትባት ካርዷ ነው። ወረቀት አልጥልም፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። የክትባት ካርዱ ላይ የቤት ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የእኔ ስምና የተወለደችበት ቀን አለ። ጸሐፊው ቀኑን ከመታወቂያው ጋር አስተያየና ደብዳቤውን ማኅተም መታበት። ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቀረጡን ከፍለን ካርቶኑን ተረከብን።

ቤት ስንከፍተው ወረቀት ነው፤ ሌላ ወረቀት፤ ከዚያ ትንሽ ላስቲክ። ላስቲኩ ውስጥ ከኮት ቁልፍ የማይበልጥ ክብ ነገርና ገመድ።

"የቀረውስ?" አልኩ።

"ይኸው ነው እማዬ።"

ለዚህ ነው እንዴ የተንከራተትነው ልል ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት። እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛዋለች። ለአለቃዋ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ስልኩን ከፈተችው።

"መጣልሽ? ጥሩ። ነገ እስከ ስምንት ሰዓት ድምፁን ቀርጸሽ ላኪልኝ። ለሠርጎቹ የተጫዋቾችን ስም የምሰጠው ያኔ ነው።"

"ነገ እኮ ሕማማት ነው።"

"ባለ ሠርጉን ጾም ላይ ነኝ ብለሽ ነው የምታስጠብቂው? እኔም ጾመኛ ነኝ። ከሰማሁት አለሽ፣ ካልሰማሁት የለሽም።"

በእኛ ቤት በዚያ ሳምንት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ ሰው ሲገናኝ አይሳሳምም። ክራር የማይታሰብ ነው። ነገር ግን እኔ "ሌባ" ብዬ ባልዘጋው ዕቃው በጾሙ አጋማሽ ይገባ ነበር፤ ለመሞከርም ብዙ ቀን ይኖራት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ጾሙን አክብሪ ብዬ እሷን ማስቀጣት ነው? ወይስ በጥፋቴ ላይ ሌላ ጥፋት መጨመር? ወዲያም ወዲህም ብለው አልመጣልኝ አለ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ነጠላዬን አንስቼ፣ "እኔ ስግደት ሄጄ እስክመለስ..." አልኩና ቃሉን ሳልጨርስ ቆምኩ።

"እማዬ" አለችኝ፣ "ፈቅደሽልኝ ነው ወይስ አላየሁም ልትዪ ነው? አትንኪው ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ አልቀየምሽም።"

ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። "ቶሎ በይ" አልኳት።

ገመዱን በቤታችን ስፒከር የማይክ ቀዳዳ ሰካችው። ፒካፑን ግን ክራሩ ቆዳ ላይ ስትለጥፈው ይወድቃል። ቆዳው እንዲለሰልስ ቅባት ስትቀባው ስለኖረች አልይዝ አለ። ጠረገችው፤ ወደቀ። በፕላስተር ሞከረች፤ ወደቀ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

"አንቺ ያዢልኝ" አለች።

"እኔ?"

"በጣትሽ ጫን አድርገሽ። ሌላ ሰው የለም።"

ተንበርክኬ ያንን ቁልፍ የሚያህል ነገር በሁለት ጣቴ ክራሩ ላይ ያዝኩት። እሷ መታች። መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፤ በጣቴ ነው፣ እስከ ክንዴ ድረስ። ቀጥሎ ከስፒከሩ ወጣ። ቤቱን ሞላው። ስንት ዓመት ቤቴ የኖረ ክራር መሆኑ እስኪጠፋኝ ደነገጥኩ። ልጄ ግን ዓይኗን ጨፍና ቀጠለች። እኔ ደግሞ አቤቱ ይቅር በለን እያልኩ ላቤ እየወረደ ይዤ ቆየሁ።

ላከችው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፤ የአለቃዋ ድምፅ ነው።

"ይሰማል። አሁን ገና ክራር ሰማሁ። ብቻ ከኋላ ቱክ ቱክ የሚል ነገር አለ፤ እሱን አስተካክይና ለዳግማዊ ትንሣኤ መቂ ነሽ።"

ቱክ ቱክ የሚለው የእኔ እጅ ነበር። ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"አባቴ፣ በሕማማት ክራር ነካሁ።"

"መታሽ?"

"አልመታሁም። ያዝኩ።"

"ክራሩን ያዝሽ?"

"ክራሩን አይደለም። ድምፁን የሚወስደውን። የሚለጠፈውን ነው፤ አልለጠፍ ስላለ..."

ከጀርመን መምጣቱን፣ ስሙን፣ ቀበሌውን ሁሉ ነገርኳቸው። እያስረዳሁ በሄድኩ ቁጥር ነገሩ እሳቸውን እየራቃቸው ሄደ። በመጨረሻ መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ "ልጅቷ ሥራ ላይ ናት?" አሉኝ።

"አዎ አባቴ። ዛሬ መቂ ሠርግ ላይ ናት።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ከዚያ ስግደት ሰጡኝ፤ በሃምሳው ቀን ስለማይሰገድ ከጰራቅሊጦስ በኋላ እንድፈጽመው ነገሩኝ። ለየትኛው ጥፋቴ እንደሆነ እሳቸውም አልለዩልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።