የሻምበሉ የዓሣ ዘንግና የእማ ዘሃራ ማሽላ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ጊዜ ነው። ከሚሴ ውስጥ አናጢ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ አፌ ደግሞ ዕድሜዬን የቀደመ። ዛሬ ልጆቼ «አባባ፣ በሕይወትህ ያፈርክበት ቀን አለ?» ሲሉኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ሌላ ያፈርኩበት የለም ማለቴ አይደለም፤ ሌላውን አልነግራቸውም።

እኔና ጓደኛዬ ሙሄ ከዋናው መንገድ ዳር በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ ነበረን። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የታዘዝነውን ሁሉ እንሠራለን። አንድ ቀን ታዲያ ቤቱ ለእህል መጋዘን ስለተፈለገ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልቀቁ የሚል ወረቀት መጣ። ሙሄ ወረቀቱን አንብቦ መጋዙ ላይ ቁጭ ሊል ምንም አልቀረው። በዚያ ጊዜ ሌላ ቤት ከየት ይገኛል? ቤቱ ከሄደ እሱ ወደ አባቱ እርሻ፣ እኔም ወደ ሰው ቅጥር መመለሳችን ነው።

«ሄጄ አናግራለሁ» አልኩት።

«ሂድ፤ ግን ወላሂ አፍህን ጠብቅ» አለኝ።

ጉዳዩን የያዙት አንድ ሻምበል ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ፈገግታ የማያውቁ የሚባሉ ሰው። ቢሯቸው ስገባ ጠረጴዛው ላይ ለሁለት የተሰበረ ቀጭን ዘንግ ተጋድሟል። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን ልመና ረሳሁትና «ጓድ ሻምበል፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ።

ይቆጡኛል ስል አዘኑ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው ነው። የጂፕ በር ተዘግቶበት ተሰበረ። ከመሳቢያቸው ማንኪያ የመሰለ፣ ሆዱ በእርሳስ የተሞላ፣ ከጅራቱ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ብረት አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። የትልቅ በር ማጠፊያ ያህል ይከብዳል።

«ትልቅ አምባዛ በትል አይታለልም» አሉኝ። «ይህን ማባበያ አርቀህ ትወረውራለህ። ክሩን በመዘውሩ እየጠቀለልክ ስትስበው ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ይዋኛል፤ አምባዛው ተከትሎ ይጎርሰዋል። ጨፋ ላይ የቦርከና ወንዝ በሚሰፋበት፣ ማዶ ካለው ሾላ ሥር አንድ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየናቀኝ ነው።» ስለ ዓሣው ሲያወሩ የድሮ ባላንጣቸውን የሚያነሡ ነበር የሚመስሉት።

«እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኩ።

ማን ጠየቀኝ? ማንም! ግን አፌ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። «ዘንግ ማለት ዱላ ነው ጓድ ሻምበል። ከሚሴ ውስጥ ከኔ የበለጠ ዱላ የሚያውቅ ካለ ያምጡልኝ» አልኳቸው። ዓሣ ማጥመጃ ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም። ዓሣ ራሱ በልቼ አላውቅም፤ ያኔ በኛ ሰፈር ዓሣ የሚበላ ሰው አልነበረም።

ሻምበሉ ትክ ብለው አዩኝ። «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይህ ብረት ሾላው ሥር ካረፈ ለመጋዘኑ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ካላረፈ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ታስረክባለህ።» መዘውሩን፣ ብረቱንና ከአሮጌው ዘንግ ላይ ክር የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ሰጡኝ። ክሩ እንዴት በጣት ተይዞ እንደሚለቀቅም አሳዩኝ።

ለሙሄ ስነግረው ራሱን ይዞ «ቤታችንን በዓሣ አስያዝከው?» አለ።

እኛ አገር ዱላ ሲመረጥ ሥርዓት አለው። ጫፉን መሬት ላይ ተክለህ ትደገፈዋለህ፤ ከጎበጠ ትተወዋለህ። ቀጥሎ ጉልበትህ ላይ ትሞክረዋለህ፤ ከተለመጠ ትጥለዋለህ። ዱላ የሚፈለገው ሊመክቱበት፣ ከብት ሊነዱበት፣ ሲያረጁ ሊደገፉት ነው። የሚለመጥ ዱላ ይዞ ገበያ የሚወጣ ወንድ መሳቂያ ነው። እኔም በሰንበቴ ገበያ ከረፋድ እስከ ቀትር ዱላ ሻጮቹን ሳደክም ውዬ፣ አሉ ከተባሉት ሁሉ ጠንካራ የሆኑ ሦስት የወይራ ዱላዎች ይዤ ተመለስኩ። ረዣዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ብረት የሆኑ! ለምናልባቱ ብዬ አንድ ቀርከሃም ጨመርኩ።

በማግስቱ መዘውሩን ከወይራው ሥር አስሬ፣ ቀለበቶቹን በክርና በሙጫ አጣብቄ ጨፋ ወረድኩ። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ሸለቆው ማሽላ በማሽላ ሆኗል። ቦርከና ዳር ቆሜ፣ ቢስሚላህ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ብረቱ እግሬ ሥር ጧ! አለ። ደገምኩ፤ አሁንም እዚያው። ሁለተኛውን ወይራ ሞከርኩ፣ ሦስተኛውን ሞከርኩ። እጄ ነደደ፣ ብረቱ ግን ከቆምኩበት አሥር ክንድ አልራቀም። በንዴት ቀርከሃውን አነሣሁ። እሱ ጎበጠልኝ፤ ጎበጠና ጎበጠና ከሥሩ ተሰነጠቀ።

ይሄኔ ከበላዬ የሴት ሳቅ ሰማሁ። ከወንዙ ዳር ባለ ማሽላ መሀል ማማ ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። «አንተ ሰውዬ! ውሃው ምን ቢያደርግህ ነው እንዲህ የምትገርፈው?»

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ ፊቴ እየጋለ።

«ወአለይኩም ሰላም። አካም ጅርታ? ደህና ነህ? ወይስ አሞሃል?»

እማ ዘሃራ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ያንን ማሽላ ብቻቸውን አርሰው ብቻቸውን የሚጠብቁ ሴት ነበሩ። ማማው ሥር ሄጄ ታሪኩን ከነቤቱ፣ ከነሻምበሉ ነገርኳቸው። አንዱን ወይራ ተቀብለው መዘኑትና መለሱልኝ። «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ይህ ለመምታት ነው። ለመምታት ደረቁ ይመረጣል። አንተ የምትፈልገው ለመወርወር ነው። ለመወርወር ጎብጦ የሚመለስ ነው የሚያስፈልግህ፤ ከሥሩ የማይበገር፣ ከጫፉ የሚታዘዝ።»

አናጢ ነኝና ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ሆኖ ማሽላው ጫፍ ላይ ወረደ። እማ ዘሃራ ከአጠገባቸው ከቁመታቸው የሚረዝም ልምጭ አነሡ። ከእንስራ ስባሪ ውስጥ ጡጫ የሚያክል ጭቃ ዘግነው ጫፉ ላይ ለጠፉ፣ ወደ ኋላ አሳረፉት፣ ከዚያ ወደ ፊት አሉት። ጭቃው እያፏጨ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወፎቹ መሀል አረፈ። ግሪሳው ብን አለ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

«ወንጭፍ ትከሻ ይፈልጋል፤ የኔ ትከሻ አልታዘዝ ካለኝ ቆየ» አሉ። «መከታዬ ይቺ ናት። ና ውጣ፣ እጅህን ልየው።»

ማማው ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያው ጭቃዬ የገዛ አናቴ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውም አንገቴ ውስጥ ገባ። እማ ዘሃራ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አትቸኩል! በጉልበትህ አይደለም የሚወረወረው፣ በልምጩ ነው። ወደ ኋላ ስታደርገው ጠብቀው። ጭቃው ይክበድህ። ሲከብድህ ያኔ ወደ ፊት በለው» አሉኝ። እሳቸው የዙሁርንም የአስርንም ሶላት ሰግደው እስኪመለሱ ማማው ላይ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭቃዬ የፈለግሁት ዛላ ላይ ያርፍ ጀመር። እንግዲህ ሰው ቢንቀኝም ግሪሳው እንደፈራኝ እመሰክራለሁ!

«እማማ፣ እንጨቱ ምንድን ነው? የት ነው የሚቆረጠው?» አልኳቸው።

«ዶቆኑ ነው፤ እናንተ ለንቋጣ ትሉታላችሁ። ግን ዛሬ ብትቆርጠው እርጥብ ነው። ይቺ ዓመት ሙሉ ጢስ ላይ ተሰቅላ፣ ቅቤ ጠጥታ ነው እንዲህ የሆነችው። ቅዳሜ አይደርስልህም።» ልምጩን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ይልቅ ይችን ውሰዳት።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ደግሞ ምን ሆኜ! ሌላ አላጣም። ድምፅስ አለኝ አይደል?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ማዶ ዛፍ ላይ የነበረ ወፍ ሳይቀር ተነሣ። ሁለታችንም ሳቅን። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም፤ ልቤ ቀድሞኝ ከሚሴ ገብቷል።

ያቺን ልምጭ ለአራት ቀን እንደ ሙሽራ አዘጋጀኋት። መጨበጫዋን በቆዳ ጠቀለልኩ፣ ቀለበቶቹን ከጫፍ እስከ ሥር በልኩ አሰርኩ፣ ጎበጥ ስትል ክሩ እንዳይነካት አስተካከልኩ። ሙሄ «ይቺ እኮ ትለመጣለች» ሲለኝ «ዝም በል፣ አንተ ስለ ዘንግ ምን ታውቃለህ?» አልኩት። እኔ እንኳ ካወቅሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሻምበሉ ሁለት ባልደረቦቻቸውን ይዘው፣ ከእማ ዘሃራ ማሳ በጣም ርቆ ከሾላው ትይዩ ወዳለው የወንዙ ዳር መጡ። ዘንጓን ወዘወዙና ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ ልምጭ ነው። ስትቀልድብኝ ነው?» አሉ። ባለ በሌለ ኃይላቸው ወረወሩ፤ ብረቱ ጎን ለጎን ሄዶ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠለጠለ። ደገሙት፤ ውሃው መሀል ወደቀ። ሙሄ ከኋላዬ ዱዓ ሲያደርግ ይሰማኛል። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳስረክብ ታየኝ።

«ጓድ ሻምበል፣ ይፍቀዱልኝ» አልኩ። ዘንጓን ወደ ኋላ አሳረፍኳት። ጠበቅሁ። ብረቱ ጫፏን ጎትቶ እጄ ላይ ሲከብደኝ ወደ ፊት አልኳት፣ ክሩንም ለቀቅሁ። መዘውሩ አፏጨ። ብረቱ ቦርከናን ተሻግሮ ሾላው ሥር ጧ ብሎ ገባ። ከዚያ ሻምበሉ እንደ ልጅ እያጨበጨቡ «እንዴት ነው? አስተምረኝ! አስተምረኝ!» አሉ። አስተማርኳቸው። «አይቸኩሉ፣ ይክበድዎት» አልኳቸው ከእናቴ ማኅፀን ይዤው እንደወጣሁ ሁሉ። ከማን እንደተማርኩት አልነገርኳቸውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሾላው ሥር የነበረው አምባዛ ወጣ፤ ርዝመቱ ከክንዴ ይበልጥ ነበር። ሰኞ ወረቀቱ ተሰረዘ፤ ቤታችን ቤታችን ሆኖ ቀረ።

ማክሰኞ በራሴ እጅ የሠራሁትን በርጩማ ተሸክሜ እማ ዘሃራን ላመሰግን ጨፋ ወረድኩ። ልምጩን ከሰጡኝ ስምንት ቀን ሆኖታል። መንገዱን ሁሉ እንዴት አድርጌ እንደማወራላቸው እያሰብኩ ነበር፤ ሾላውን፣ ክሩን፣ የሻምበሉን ጭብጨባ።

ማሳው ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። በወንዙ በኩል ያለው የማሽላ ጥግ ዛላው ባዶ ነው። ፍሬው ተለቅሞ አገዳው ብቻ ቆሟል። እማ ዘሃራ ማማው ላይ ናቸው። አጠገባቸው ሦስት እርጥብ ልምጭ ወድቋል። አንዱን አንሥተው ጭቃ ሲወረውሩ አየሁ፤ ልምጩ ተልፈሰፈሰ፣ ጭቃው ማማው ሥር ወደቀ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሊጮኹ ሞከሩ። ምንም አልወጣም። ስምንት ቀን ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት ጮኸው ድምፃቸው ተዘግቷል።

በርጩማውን እንደያዝኩ ማማው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ አለቀስኩ። «እማማ፣ ምነው? ሌላ አለኝ አላሉኝም?» አልኳቸው።

ወርደው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። «ቤቱስ? ተረፈ?»

«ተርፏል።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ማሽላ እንደሁ በዓመቱ ይበቅላል።»

ሻምበሉ ዘንድ ሄጄ ዘንጓን ለአንድ ሁለት ሳምንት ያውሱኝ ልል አሰብኩ። እስከ ቢሯቸው በር ሄድኩ። ቤቱን መልሰው ቢወስዱትስ ብዬ ፈራሁና ተመለስኩ። ያ የማይዘጋ አፌ መከፈት የነበረበት ያን ቀን ነበር፤ ያን ቀን ተዘጋ።

ከሙሄ ወንጭፍ ተውሼ በማግስቱ ንጋት ማማው ላይ ወጣሁ። ማሽላው እስኪታጨድ አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዛላ ለወፍ አላስበላሁም፤ የተበላውን ግን መመለስ አልቻልኩም።

እማ ዘሃራ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። እኔ ዛሬም ዘንግ ምረጥልኝ የሚል ሰው ከመጣ ከሚሴ ውስጥ የሚበልጠኝ የለም፤ ይህን ስል አላፍርም። የማፍረው ያን ቀን «እርስዎስ?» ብዬ አንዴ ጠይቄ፣ የምፈልገውን መልስ ስሰማ ሁለተኛ ባለመጠየቄ ነው።