ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ባለቤቴ ፒያሳ ወርቅ ይሠራል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ቀለበትና ሀብል ሲመዝን ኖሯል፤ ራሱን ግን አንድም ቀን ለሐኪም አሳይቶ አያውቅም ነበር። «ደም ግፊትህን ተለካ» ስለው፣ «እኔ መዛኝ ነኝ፤ ማንም አይመዝነኝም» ይለኝ ነበር። መቀለድ ከጀመረ ነገሩ እንዳበቃለት አውቃለሁ።

እኔን ግን አያስቀኝም ነበር። ታላቅ ወንድሙም ወርቅ ሠሪ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሥራው ላይ እንዳቀረቀረ ወደቀ። አፉ ተጣመመ፤ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሁለት ዓመት ከአልጋ ሳይነሳ ቆይቶ አረፈ። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ አብሮት እንደኖረ ነገሩን። ባለቤቴ ያን ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግፊት ሲነሳ ወሬ ይቀይር ጀመር። እኔም ጭቅጭቅ ስለማልችልበት ለእመቤታችን ነግሬ ዝም አልኩ።

የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በአንድ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ የመዋጮው ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ ተነሥተው ቆሙ።

«እድራችን ሰውን የሚያገኘው ከሞተ በኋላ ነው» አሉ። «በኮሮና ጊዜ እንኳ ያም ቀርቶብን፣ ድንኳናችን ተጠቅልሎ ተቀምጦ ሰዎቻችንን በጥቂት ሰው ቀበርን። አሁን ደግሞ ስኳርና ግፊት እየጣለን ነው። እስቲ አንድ ቀን ሰውን በቁሙ እናግኘው። ድንኳኑን እንትከልና ነርስ ትምጣ፣ ሁላችንም እንለካ።»

ጉባኤው አጨበጨበ። ሜዳ የሆነው የእኛ ደጅ ብቻ ስለነበረ፣ በሚመጣው ቅዳሜ እዚያው እንዲተከል ተወሰነ። ባለቤቴ በስብሰባው አልነበረም። እኔም አልነገርኩትም። ብነግረው ኖሮ ያን ቅዳሜ ለምሳም ወደ ቤት አይመጣም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ኪዳን አድርሶ ወደ ሥራው አለፈ። ወንዶቹ ድንኳኑን ተከሉ፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ደረደሩ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ የአራዳ ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው። አንዱ ጎረቤታችን ክንዱን ሲሰጣት ዓይኑን ቢጨፍን፣ «ጋሼ፣ የምለካልዎት ግፊት እንጂ መግነዝ አይደለም» አለችውና ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔ በትሪ ቆሎ ይዤ አዞር ነበር።

በዚህ መሐል ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

«እህቴን! ወይኔ እህቴን! ልጆችሽን ለማን ጥለሽ!»

የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። አትክልት ተራ ሽንኩርት ትነግዳለች። በታክሲ ስታልፍ ነጩን የእድር ድንኳን በወንድሟ ደጅ ቆሞ አይታ ወርዳለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። እኔ ቆሎዬን ይዤ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር።

አየችኝ። ጩኸቷ አፏ ላይ ቀረ።

«ማነው የሞተው?» አለች ቀስ ብላ።

«እስካሁን ማንም» አሉ ዳኛው። «ግቢና ተለኪ።»

«ታዲያ ማን ሞተ ብላችሁ ነው ድንኳን የምትተክሉት? ስንት የማለቅስለት ሰው አለ፣ እንባዬን በከንቱ አስፈሰሳችሁኝ! ደግሞ እርስዎ፣ ትልቅ ሰው!»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ስቄ ዓይኔን ስጠርግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ምነው ሳቅሽ? እኔ ለወንድሜ ደውዬለታለሁ እኮ።»

«ምን አልሽው?»

«ደጅህ ድንኳን ተተክሏል፣ ቶሎ ድረስ አልኩት። እሱ ስልኩን ሲያነሳልኝ፣ የሞትሽው አንቺ ነሽ ብዬ ነዋ!»

ወደ ቤት ሮጥኩ። ስልኬ ቻርጀር ላይ ነበር፤ ደጋግሞ ደውሏል። መልሼ ብደውል አያነሳም።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ብዙም አልቆየም። ከነቆዳ ሽርጡ፣ ጭንቅላቱ በላብ ርሶ፣ ዳገቱን ሮጦ መጣ። ሳቁ ቆመ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። በሁለት እጁ ትከሻዬን ያዘ። ይህ ሰው ተጋብተን ሦስት ልጅ ወልደን በሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ።»

«አለሽ እንዴ?»

«አለሁ አልኩህ።»

አጠገቡ ባገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ወንበሩ ከነርሷ ፊት ያለው ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለች መሣሪያዋን እያነሳች። «ተራዎ ባይሆንም በሩጫ ቀድመዋል።»

«እኔ ለቅሶ ነው የመጣሁት» አላት።

«ለቅሶ ዛሬ የለም። ያለው ይኸው ነው።»

ሊነሳ ሲል ዓይኑ ከዓይኔ ተገጣጠመ። ስንት ዓመት ያልወጣኝ ቃል ያን ጊዜ ወጣኝ።

«እየሮጥክ ስትመጣ የተሰማህ ነገር፣ እኔን በየቀኑ ነው የሚሰማኝ» አልኩት።

መልሶ ተቀመጠ። እጅጌውን ጠቀለለ።

ነርሷ ግን ወዲያው አልለካችውም። የሮጠ ሰው አይለካም አለች። እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ሳያወራ ግማሽ ሰዓት እንዲያርፍ አዘዘችው። ወርቅ ሠሪ ሳያወራ ግማሽ ሰዓት! እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ እየጠበቀች፣ አፉን ሊከፍት ሲል «እ! ታዘሃል» ትለዋለች። ሰዓቱ ሲሞላ ነርሷ ለካችው። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይህ የሩጫው አይደለም። ከፍ ብሏል። ሰኞ ጤና ጣቢያ ይምጡና እንደገና እናያለን።»

«ሳይታወቅ ወንድሜን የጣለው ነገር ነው እኔንም የሚያገኘኝ?»

«የሳቸው አልታወቀም ነበር። የእርስዎ ይኸው ታወቀ» አለችው።

ዳኛው በዚህ ሁሉ መሐል ይስላሉ። ነርሷ መጻፏን ሳታቆም ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ይህ ሳል ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው ልጄ። ሰፈሩ ሁሉ እየተቆፈረ አይደል?»

«አቧራው ስንት ጊዜ ሆነው?»

ዳኛው አሰቡ። «ከፋሲካ በፊት ነው የጀመረኝ፤ ወር አልፎታል» አሉ።

እርሳቸውንም ሰኞ ቀጠረቻቸው። አክታቸው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰባቸው ሁሉ ተመረመረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንንም አልያዘም። ለስድስት ወር የሚዋጥ መድኃኒት ጀመሩ። ሰው እንዳይሸሻቸው ፈርተን ነበር፤ እርሳቸው ግን ራሳቸው በስብሰባ ላይ ተናገሩት። «የናንተን በሽታ ፍለጋ ወጥቼ የራሴን አገኘሁ» አሉ። «ይድናል ተብያለሁ። የሚስል ካለ እንዳያፍር።» ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ሄደው ተመረመሩ።

የባለቤቴም ሰኞ ተለክቶ፣ በሌላ ቀንም ተለክቶ ያው ሆነ። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ለረጅም ጊዜ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው እንደነበር ነገረኝ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ከተለካሁ እንደ ወንድሜ ተኛ የሚሉኝ መሰለኝ። ያልተለካ ነገር የሌለ መሰለኝ።»

አልተቆጣሁትም። እኔም ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ።

«የማስቀደስበት ቀን ክኒኑን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲጨነቅ የነፍስ አባታችንን ጠየቅናቸው። «መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ውጠህ ና። ስትቆርብ ቀድመህ ንገረኝ» አሉት። ጨው ቀነስኩ። መጀመሪያ ላይ ወጡን ቀምሶ፣ «ይህ ወጥ ምን በደለሽ?» ይለኝ ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ። አሁን ለምዶታል፤ እህቱ ቤት ሲበላ ጨው በዛ ብሎ እሷን ያናድዳል።

ጠዋት ጠዋት ከዳኛው ጋር አብረው ይወርዱ ነበር። ዳኛው መድኃኒታቸውን ሊውጡ ወደ ጤና ጣቢያ፣ እሱ ወደ ወርቁ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ከበር ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። አሁን ዳኛው ስድስት ወራቸውን ጨርሰው አክታቸው ንጹሕ ሆኗል። ምስጋናዬን በየትኛው አፌ ላድርሰው?

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ወደ ቀጠሮው ተከትዬው ሄድኩ። ያችው ነርስ ናት። ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠቀለለች፤ ነፋች፤ አዳመጠች። ቁጥሩን ስትነግረን ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ ወርዶልዎታል። ልክ ሆኗል።»

እኔ አማተብኩ። እሱ ግን እጅጌውን አላወረደም። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ ተቀመጠ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

«ምነው፣ አላመኑኝም?»

«አምኜሻለሁ። ደስ ስላለኝ ነው።»

እየሳቀች ደገመችለት።