ተኝቶ ይሠራል፣ ቆሞ ይጠፋል

የጋለ አቧራ ሽታ ታውቃላችሁ? ብዙ ዓመት የሠራ ኮምፒውተር ተከፍቶ ውስጡ ሲነፋ የሚወጣውን ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት የቢሯችን ጥገና ሠራተኛ የእኔን ኮምፒውተር ከፍቶ ሲነፋው ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ብድግ ብዬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። "አለርጂ አለብሽ እንዴ?" አለኝ ከኋላዬ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው? የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ላብድ የደረስኩት በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ብዬ ብነግረው ይስቅብኛል።

አባቴ አራዳ ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቴፕ ካሴት ቢበላብህ፣ ሬዲዮ ቢያንኮራፋብህ፣ ወደ እሱ ነው የምትሮጠው። ሞባይሉ መጥቶ ሬዲዮ የሚያሠራ ሲጠፋ ሱቁን ዘግቶ፣ ካቻቪቴና ፒንሳውን በካርቶን ተሸክሞ ቀሐ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገባ። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንገድ ማየት ነበር ሥራው። እናቴ ይህን ስታይ ሆዷ ይባባ ነበር።

እኔ ደግሞ የመመረቂያ ሥራዬ ደርሶብኛል። የሆስፒታል ካርድ ክፍል የበሽተኛ ካርድ ቶሎ የሚያገኝበት ፕሮግራም ልጽፍ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር በወረፋ ነው፤ ወረፋህ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። ቤት መጥቼ ሳማርር አባቴ ከመስኮቱ ዞር አለና "እኛው እንገጥመዋለን። እሱንም የሠራው ሰው ነው" አለ። ሱቁን ከዘጋ በኋላ ድምፁ እንደዚያ ሲነሣ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሣጥኑን ከተጣለ የቢሮ ኮምፒውተር አገኘን፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ላከልን፣ ሌላውን ከዚህም ከዚያም ለቃቀምን። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተጎለትን። እኔ መመሪያውን ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ አነባለሁ፣ እሱ ይገጥማል። ካቻቪቴ ማን ሊያስነካኝ! ብሎኖቹን ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት ላይ በተርታ ይደረድራቸዋል። "ጠጋኝ ብሎን ከጠፋበት ስሙም አብሮ ይጠፋል" ይል ነበር። ሲበራና ፋኑ እህህ ብሎ ሲነሣ እናቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከሳምንት በኋላ ዳንቴል አመጣችለት። የእኛን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ኤሌክትሪክ የሚበላ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የአባቴ ሬዲዮ ሳይቀር ለብሷል። የኮምፒውተሩን በቀይ አበባ ነበር የሠራችው። "ይሄማ የልጄ መመረቂያ ነው፤ ራቁቱን አይቆምም" አለች።

ከዚያ መጥፋት ጀመረ።

እየጻፍኩ ነው፣ ቀጭ! ጨለማ። መብራት አለ፤ አምፖሉ ይበራል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል፤ የእኔው ብቻ ድርቅ። መልሼ አበራዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ሌላ ቀን ደግሞ ሦስት ሰዓት ይሠራና ተስፋ ሰጥቶኝ ይጠፋል። ደብተር ይዤ መመዝገብ ጀመርኩ፦ ዝናብ ነበር፣ ዝናብ አልነበረም፤ ጎረቤት ብየዳ ላይ ነበር፣ ብየዳ አልነበረም። ምንም አይገጥምልኝም። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርዱን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ ጠረግኩት። ፓወር ሳፕላዩን ቀየርን። ሶኬት ቀየርን። ጠረጴዛ ቀየርን! ወይ ፍንክች።

አራዳ ወዳለ ወጣት ጠጋኝ በባጃጅ ወሰድኩት፣ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌ። ልጁ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ከፈተው፣ አበራው፣ ቀኑን ሙሉ ሠራ። "እህቴ፣ ይሄ ጤነኛ ነው" አለኝ። ቤት አምጥቼ አቆምኩት፤ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ሁለተኛ ወሰድኩት፣ ያው። ሦስተኛ ስሄድ ልጁ ፀጉሩን እያከከ "እኔ አላውቅም፤ ፀበል ይሞከር" ብሎ ቀለደ። ይህን ለእናቴ መንገሬ ነው ጥፋቱ። በማግስቱ በሃይላንድ ፀበል ይዛ መጣች።

"እማዬ! ውሃና ኤሌክትሪክ አይገናኝም!"

"ፀበል ውሃ ነው እንዴ? ጠብ ብቻ ላድርግበት።"

አባቴ እንደዚህ ስንጨቃጨቅ ድሮ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ሰሞን ግን መስኮቱ ሥር ሆኖ ዝም ይለናል። እኔም ለምን ዝም አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራዬን ላስረክብ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፤ ካላስረከብኩ ጓደኞቼ ጋዋን ሲለብሱ እኔ ከሰው መሐል ቆሜ ላጨበጭብ ነው። የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቶሎ ገባሁ። ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼው ነበር። እጄን ጣል ባደርግበት እንደ ምድጃ ይፋጃል። ያ የጋለ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ዞሬ ባየው ዳንቴሉ በጀርባው ወርዶ ሙቀት የሚወጣበትን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖታል። በቃ፣ አገኘሁት! ደሜ ፈላ። እናቴን ጠርቼ ያላልኳት የለም። ሁሉንም ረስቼዋለሁ ብል ደስ ባለኝ፤ አንዷ ግን አልተረሳችኝም። "አልተማርሽም! የማታውቂውን ነገር ምነው ባትነኪ!" አልኳት። ከዳባት ገጠር በልጅነቷ ተድራ የመጣች ሴት ናት፤ ፊደል እንድቆጥር ክንዴን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እሷው ናት።

"እሺ፣ የኔ ልጅ። ሸጋ ይሁን ብዬ ነው" አለችና ዳንቴሉን አጣጥፋ ይዛው ሄደች።

ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ቀጭ አለ።

ጭንቅላቴን ይዤ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ዳንቴል የለም፣ ሙቀት የለም፣ ታዲያ ምንድን ነው? ለአራተኛ ጊዜ አራዳ ልወስደው ከፍ ሳደርገው አንዲት ድምፅ ሰማሁ። ቅጭል። ወዘወዝኩት፣ ቅጭል። አጋድሜ ከፈትኩት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቻቪቴውን ራሴ ይዤ ማዘርቦርዱን ፈታሁት። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ብሎን ተኝታለች። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ሣጥኑ ሲጋደም አርፋ ትተኛለች፣ ሲቆም ትንሸራተትና የቦርዱን ጀርባ ስትነካ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። የአራዳው ጠጋኝ ምንም ያላገኘው አጋድሞ ስለሚሠራ ነው።

"አባዬ! ና እይ! ብሎን!" ብዬ ጮህኩ።

አባቴ መጣ። ብሎኗን መዳፌ ላይ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። አፉን ከፈተ፤ ቃል ሳይወጣው እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ገባች።

"እኔ ነኝ! እኔው ነኝ" አለች። "ስጠርግ መሬት ላይ አገኘኋትና፣ የሱው ናት ብዬ በጀርባው ቀዳዳ ከተትኩለት።"

እናንተዬ፣ ልስቅ ነው ላለቅስ? ሁለቱንም አደረግኩ። ሥራዬን አስረከብኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተመረቅኩ። በምረቃዬ ድግስ ላይ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ "እናቴ እኮ ኮምፒውተሩን ብሎን አጎረሰችው!" ብዬ አወራሁ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ዘመድ በመጣ ቁጥር ያችን ጨዋታ አወራታለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ! አባቴ ሳወራት አንድ ነገር ትዝ አለኝ እያለ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። እኔም ጨዋታው ሰለቸው እል ነበር።

ካቻምና አባቴን ሆስፒታል ወሰድነው። እጁ መንቀጥቀጡ ከማንም የማይሸሸግ ሆኗል፤ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ይበተናል። ዶክተሩ "መቼ ነው የጀመረዎት፣ አባት?" ሲለው "ዘንድሮ ነው" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ለምርመራ ደም ሊሰጥ ሲወጣ እናቴ ወደ ዶክተሩ ጠጋ አለች።

"ዘንድሮ አይደለም፣ ዶክተር። ይቺ ልጄ የተመረቀች ዓመት ነው። ኮምፒውተሯን ሲገጥም፣ እሷ ሳታይ፣ ብሎን ከእጁ ወደቀበት። ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ጓሮ ወጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እጄ ከዳኝ፣ ለልጄ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥን ወደ እሷ ዞርኩ።

"ምነው እማዬ? ምነው በራስሽ ላይ?"

"አንቺ በኔ ብትቆጪ ሲመሽ ይበርድልሻል። እሱ ግን በልጁ ፊት እጁ ከዳው ከተባለ፣ ያን ካቻቪቴ ዳግም ያነሣው ነበር?"

"ያ ሁሉ ሰው እኮ ሳቀብሽ! እኔው ነኝ ያሳቅኩብሽ!"

"ይሳቅ፤ እኔ መቼ ጠጋኝ ሆንኩና?" አለች።

አለቀስኩ። ይቅርታ ልላት አሰብኩ። ደግሞስ የቱን ይቅርታ? የጮህኩባትን ነው፣ ያሳቅኩባትን ነው፣ አልተማርሽም ያልኳትን ነው? በአባቴስ ልናደድ ነው ላዝንለት? በእሷ ሲሳቅ ጓሮ እየወጣ ምን ያስብ ነበር? ሁለቱ ስለዚህ ነገር ተነጋግረው ያውቁ ይሆን? እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ያን ዕለት የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር አሁን ለእኔም ዝም የማለት ተራ መድረሱ ነው።

አባቴ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎለት፣ ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ መጣ። ቀይ ዓይናችንን አየና "ምን ሆናችሁ? ምን ስትባባሉ ነው?" አለ።

እናቴ አየችኝ።

"ምንም፣ አባዬ" አልኩት። እጁን ከኪሱ ማውጣት እንዳይኖርበት በክርኑ ያዝኩትና ወጣን።