አንዱን ሌሊት አራት ቀን ያልኩ ዕለት

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አንባቢዬ፣ አንተ ስለማታውቀኝ ላንተ እናገራለሁ። እናቴን ዋሽቻታለሁ። የዋሸኋት በሞት አልጋዋ ላይ ነው፤ የዋሸኋትም በመንገድ ርቀት።

ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታችን ስድስት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት፣ ቤቴል ክሊኒክ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ለትዳር የጠየቀኝን ሰው «እማዬ እስኪሻላት» ብዬ የመለስኩትም እኔው ነኝ። የበኩር ልጇ ሰለሞን ቻይና፣ ጓንዡ ሆኖ ጫማ ይነግዳል። እሷ ግን ስትነቃ የምትጠራው እሱን ነው። እኔ ትራሷን እያስተካከልኩ፣ «ሶልዬ ምሳ በልቶ ይሆን?» ትለኛለች።

ሐኪሙ «ቤት ውሰዷት፣ ብዙ አትቆይም» ባለን ማግስት ሰለሞን ደወለ።

«ወይንዬ፣ እንዴት ናት? ዛሬውኑ ልነሳ?»

«ተሽሏታል። ሥራህን ጨርሰህ ትመጣለህ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ስገባ እናቴ ነቅታለች።

«እሱ ነው? አሁን ቢነሳ መቼ ይደርሳል?»

ከጓንዡ ቦሌ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ። ማታ ተነስቶ ጠዋት ይደርሳል። አንድ ሌሊት ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ከዓለም ባንክ ቦሌ መድረስ ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል! አሳምሬ አውቃለሁ፤ እሷ ሳትታመም ሲመጣ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

«አራት ቀን ይፈጅበታል እማዬ» አልኳት። «ሩቅ ነው። ሦስት አገር እያረፈ ነው የሚመጣው።»

ለምን? ቤቱን ፈልጌ? አይደለም። በአንድ ሌሊት ከች ብሎ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ የስድስት ዓመት ምርቃቴን እንዳይወስድብኝ ነው። የመጨረሻዎቹን ቀናት ለብቻዬ ፈለግኳቸው። ይህን መፈለግ ኃጢአት ነው? ይሁን። ፈለግኩ።

እናቴ ጣሪያውን አየች። «አራት ቀንማ አልቆይለትም» አለች። ከዚያ የያዝኩላትን አጥሚት በእጇ ገፋችው። ለካ እስካሁን ስትውጥ የነበረው እሱን እየጠበቀች ኖሯል! «ለኔ ስትይ ቅመሺ» ብዬ ለመንኳት። ጉንጬን ዳሰሰችና፣ «ደክሞሻል ልጄ፣ ይብቃሽ» አለችኝ። በነጋታው፣ «ሶልዬን፣ የነካኸው ይባረክ፣ ልጅ ወልደህ ሳም ብላሃለች በዪልኝ» ብላ አደራ ሰጠችኝ። አመሻሹ ላይ አረፈች።

ሰለሞን በአንድ ሌሊት ደረሰ፤ ለቀብር። ድንኳኑ ውስጥ ክንዴን ይዞ፣ «ተሽሏታል አላልሽኝም?» አለኝ።

«ተሽሏት ነበር» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። አደራዋንም ዋጥኩት። እስከ ዛሬ በደወለ ቁጥር፣ «እኔን አንስታ ነበር?» ይለኛል። «ስቃይ ላይ ነበረች፣ ብዙም አላወራችም» እለዋለሁ።

ደክሞኝ ነው አልልም፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም። አውቄ ነው ያደረግኩት። ግን እሱስ? በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሁሉ መንገዱ አንድ ሌሊት ነበር። እሱን ማን ዋሸው?

ለፋሲካ ይመጣል። ምርቃቱን ቃል በቃል እነግረዋለሁ፣ የሱ ነውና። ውሸቴንም እነግረዋለሁ። ይቅር በለኝ ግን አልለውም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እናቴ ብቻ ነበረች። እሷን ደግሞ ያጣደፍኳት እኔ ነኝ።